የጋሼ የልብ ጠብታ

ልጅቷ ብርጭቆውን አለቅልቃ ስትመለስ አባቷ ሞተው ጠበቋት።

የሄደችው ሩቅ አልነበረም፤ ኮሪደሩ ጫፍ ያለው መታጠቢያ ድረስ ነው። እንደ ወትሮዋ የአባቷን የልብ ጠብታ ውሃ ውስጥ አንጠባጥባ አጠጣቻቸው፣ ከጽዳት ሠራተኛዋ ጋር ስለ ብርዱ ትንሽ አወራች፣ ብርጭቆውን በሹራቧ እጅጌ እያደረቀች ተመለሰች። አባቷ ቢሯቸው ውስጥ ወንበራቸው ላይ ወደ ጎን ዘመም ብለዋል። እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሏት «አባዬ፣ ገና በጠዋቱ?» ብላ እየቀለደች ተጠጋች። ዓይናቸው ክፍት ነበር። ጩኸቷን ሕንፃው ሁሉ ሰማው።

ሕንፃው ሁሉ ሟቹን «ጋሼ» ነው የሚላቸው። ሥራቸው ለሰሚ ግራ ነው፤ በዓይን የማይታይ ሞለኪውል ውስጥ የትኛው አቶም ከየትኛው ጋር እንደተያያዘ ማወቅ። አንድ ሰው ከቅጠል ወይም ከድፍድፍ ዘይት አንዳች ዱቄት አውጥቶ «ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ ሲቸገር ወደ እሳቸው ላቦራቶሪ ይመጣል። ጋሼም በማሽኖቻቸው እያገላበጡ የዱቄቱን ሞለኪውል ወረቀት ላይ ይስሉለታል። አሁን ግን እሳቸው ራሳቸው በነጭ ጨርቅ ተሸፍነው ወለሉ ላይ ተጋድመዋል፤ ምን እንደገደላቸውም የሚያውቅ የለም።

ኢንስፔክተሯ የደረሰችው ልጅቷ ጩኸቷን ጨርሳ ዝም ባለችበት ሰዓት ነው። ይህች ሴት ቀጭን ናት፣ ቁጡ ናት፣ ባልደረቦቿ ከኋላዋ «ግማሼ» ይሏታል። ምሳዋን እንኳ ግማሹን በልታ ግማሹን ለኋላ ታስቀምጣለች። ከወንጀል ቦታ የምታነሳው ነገር ሁሉ፣ ደምም ይሁን ዱቄት፣ ግማሹ ለምርመራ ይላካል፤ ግማሹ ታሽጎ እሷ ቁም ሳጥን ይገባል። አለቃዋ «ቤቱን የሬሳ ጓዳ አደረግሽው» ብለው ቢቆጧትም ወይ ፍንክች።

ጠረጴዛው ላይ የመድኃኒቱ ጠርሙስ ቆሟል። ትንሽ፣ ቡናማ፣ በጠብታ የሚቀዳ። ሊያልቅ ጫፍ የደረሰ ነው፤ ከታች ትንሽ ፈሳሽ ብቻ ቀርቶታል።

«ይሄ የት ነው የሚቀመጠው?» ስትል ጠየቀች።

«እዚሁ መሳቢያ ውስጥ» አለች ልጅቷ። በአቅራቢያው ያለ ትምህርት ቤት የሙዚቃ መምህርት ናት። «እሱ ገና ሳልነሳ ነው ከቤት የሚወጣው፤ መድኃኒቱ ቤት ካደረ ይረሳዋል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ጎራ እልና እኔው አጠጣዋለሁ።»

«ብርጭቆውን ለምን አጠብሽው?»

«ሁልጊዜ አጥበዋለሁ እኮ!»

«ትናንት ከአባትሽ ጋር ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

ልጅቷ ቀና ብላ አየቻት። «ጡረታ ውጣ አልኩት። ልብህ ደክሟል፣ በቃህ አልኩት። እሱ ጮኸብኝ፣ እኔም ጮህኩበት። ማታ ግን ታርቀናል። እንዲያውም ሳንተኛ በፊት አንድ ነገር ነገረኝ፤ ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም።»

«ምን አለሽ?»

«‹አንድ ከባድ ስህተት ተሠርቷል። ነገ ስብሰባ ላይ ስህተቱ የእኔ ነው ብዬ እናገራለሁ› አለኝ። ‹ምን ስህተት?› ስለው ‹ተይው፣ የሥራ ነው› አለኝ።»

ከኢንስፔክተሯ ኋላ የቆመው ረዳቷ ሳጅን ጎሮሮውን ጠረገ። ሁሉ ነገር ቶሎ ይለቅልኝ ስለሚል «ጥድፌ» ይሉታል። ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ «ራሳቸውን አጥፍተው ቢሆንስ? ስህተት ሠርተው፣ አፍረው» አለ።

«ራሱን የሚያጠፋ ሰው የነገውን ስብሰባ ምን አስጨነቀው?» አለችው።

በሩ ላይ አንድ ሰው ፊቱን በመሐረብ ይዞ ይንሰቀሰቃል። የላቦራቶሪው ምክትል ኃላፊ ነው። በተማሪነቱ መጥቶ በጋሼ እጅ ያደገ፣ ከማዕዳቸው የበላ፣ ልጅቷ ከሕፃንነቷ ጀምሮ «ወንድምጋሼ» የምትለው ሰው። ልጅቷ ስታየው እንደገና ፈነዳች፤ ሮጣ ደረቱ ላይ ተለጠፈች። እሱም ፀጉሯን እየደባበሰ «አይዞሽ፣ እኔ አለሁልሽ» ይላታል። እዚያ የነበረ ሰው ሁሉ፣ ጥድፌም ሳይቀር፣ አብሮ አለቀሰ።

*

የፖሊሱ ላቦራቶሪ መሣሪያ ተበላሽቶ ሰንብቷል። አለቃዋ ብዙም አላሰቡበትም። «አገር የሚያውቀው የምርመራ ቦታ እዚያው አይደል እንዴ? ምክትሉ ይመርምረው» አሉ። ኢንስፔክተሯ የጠርሙሱን ፈሳሽና ከሟቹ የተወሰደውን ደም ለሁለት ለሁለት ከፈለች። ግማሹን ለምክትሉ ሰጠች፣ ግማሹን አሽጋ ፈርማበት ቁም ሳጥኗ ውስጥ ቆለፈችበት።

ምክትሉ በማግሥቱ ውጤቱን ይዞ ራሱ ጣቢያ ድረስ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል።

«ሌላ ነገር ባገኝ ደስ ባለኝ» አለ። «ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ያው የልብ መድኃኒቱ ነው። የሞለኪውሉ ክብደት ልክ ነው፣ ሌላ ባዕድ ነገር የለበትም። ደማቸው ውስጥ ግን መጠኑ በጣም በዝቷል።»

«ከልክ በላይ ነው የወሰዱት ማለት ነው?»

«የተሰጣቸው እንበል።» ወዲያው ደግሞ ደነገጠ። «እሷን ማለቴ አይደለም! ተሳስታ ሊሆን ይችላል። ጠብታ መቁጠር ላይ እኮ ሰው ይሳሳታል።»

«በሌላ ማሽን አላረጋገጡትም?»

«ሌላው ማሽን፣ ትልቁ ማግኔት፣ ተበላሽቷል። ክብደቱ ግን ይበቃል።»

የተቀጠረ ጠበቃ እንኳ እንዲህ አያምርለትም፤ እየተሟገተላት ገደል ከተታት። ከሰዓት በኋላ አለቃዋ ኢንስፔክተሯን ጠሩ። መድኃኒቱን ያጠጣች እሷ፣ ብርጭቆውን ያጠበች እሷ፣ ከአባቷ ጋር የተጣላች እሷ። «ምን ትጠብቂያለሽ?» አሏት። ልጅቷ ታሰረች። ምክትሉ ብርድ ልብስ ይዞላት መጣ።

ልጅቷ በብረቱ ፍርግርግ በኩል አንድ ነገር ብቻ ደጋግማ ትጠይቃለች። «ቆጥሬ ነው የሰጠሁት። ተሳስቼ ይሆን? አባዬን የገደልኩት እኔ ነኝ?»

ኢንስፔክተሯ ብዙ ዓይነት ገዳይ አይታለች። የሚክድ አለ፣ የሚፎክር አለ። ፖሊስን «እኔ ነኝ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን አይታ አታውቅም። ልጅቷ ፍርድ ቤት ብትቀርብ ይህንኑ ጥያቄ ዳኛው ፊት ትጠይቃለች፤ ዳኛውም እንደ ኑዛዜ ቆጥሮ ይመልስላታል።

*

አንድ ሰው ቀርቷል። ባለፈው ዓመት ከላቦራቶሪው የተባረረ ተማሪ፣ ሲባረር ጋሼን «ታዩታላችሁ!» ብሎ ዝቶባቸው ነበር። ቀለም ፋብሪካ ውስጥ አገኙት። ክንዱ እስከ ክርኑ ሰማያዊ ሆኗል።

«ጋሼ ሞቱ?» አለና የያዘውን ባልዲ ለቀቀው። ቀለሙ የጥድፌን ጫማ አለበሰው። «ኧረ ባካችሁ! ይቅርታ ልጠይቃቸው ነበር እኮ!»

ከተባረረ ወዲህ ላቦራቶሪውን ረግጦት አያውቅም፤ ያን ቀን ጠዋትም ፋብሪካው ውስጥ እንደነበረ ፈረቃው ሁሉ መሰከረለት። ጥድፌ ጫማውን እያየ ተራገመ። ኢንስፔክተሯ ልትወጣ ስትል፣ ለወጉ ያህል ጠየቀችው።

«ለምን ነበር ያባረሩህ?»

«በስንፍናዬ ነዋ! አንድ ውሁድ ሠራሁና ክብደቱን ብቻ ለክቼ ይሄ እንትን ነው ብዬ ጻፍኩ። ወረቀቴን ፊቴ ላይ ቀደደው። ‹ክብደት መታወቂያ አይደለም! ክብደቱን ብቻ ይዞ ስም የሚሰጥ ሰው እኔ ጋ አይሠራም!› ብሎ አዋረደኝ። ጋሼ የፈረሙት እሱ ግድ ብሏቸው ነው።»

«ማነው የቀደደብህ?»

«ምክትሉ ነዋ።»

ኢንስፔክተሯ የመኪናውን በር እንደያዘች ቀረች። ጥድፌ ሞተሩን አስነስቶ «አይገቡም?» እስኪላት ድረስ አልተንቀሳቀሰችም።

*

ማግኔቱ ያለበት ክፍል ምድር ቤት ነው። ማሽኑ የሰው ቁመት የሚያህል ብረት ጋን ይመስላል፤ ቀዝቃዛ ነው፣ ያለማቋረጥ እህ እህ ይላል። የምታሠራው ሴት ዶክተር ወፍራም፣ ሳቂታና ወሬኛ ናት። በሩ ላይ ትሪ አስቀምጣለች።

«ብረት የሆነ ሁሉ እዚህ! ሽጉጥ፣ ካቴና፣ ቁልፍ፣ ባንክ ካርድ። ማግኔቷ ሽጉጥሽን ብትወስደው ከእሷ የሚያስጥልሽ የለም።»

ጥድፌ ካቴናውን ትሪው ላይ ሲያኖር ልጁን ለሞግዚት የሚሰጥ ይመስል ነበር።

«ማግኔቱ ተበላሽቶ ነበር አሉ» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ማን ነው ያለው? የእኔዋ?» ዶክተሯ ማሽኑን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው። «ይቺ እኔን ትቀብራለች እንጂ አትታመምም። ጋሼ የሞቱ ቀን እንኳ ስትሠራ ነው የዋለችው።»

ኢንስፔክተሯ የታሸገውን ብልቃጥ አወጣች። ፊርማዋ እንዳለ ነው። ዶክተሯ ማሸጊያውን በፊታቸው ከፈተች፣ ፈሳሹን በቀጭን መስታወት ቱቦ ውስጥ ቀዳች፣ ስለ ጋሼ እያወራች ማሽኑ ውስጥ ጨመረችው። ጋሼ ከቱቦ የወጣ ናሙና እንዲደፋ አይፈቅዱም ነበር አለች፤ ሰው የለፋበት ነው፣ መልሳችሁ አስቀምጡት ይሉ ነበር። አይተው ይቆጣሉ እየተባለ ሁሉም ተገዶ ለምዶታል። እንዲህ እያለች ኮምፒውተሩን ስትነካካ ድንገት ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለች።

«ምነው?»

«ቆይ ቆይ... እኔ ከባድ ውሃ ጨምሬበታለሁ?»

«ምን ውሃ?»

«አልጨመርኩም። ወሬ ይዞኝ ረስቼዋለሁ።» የከባድ ውሃውን ጠርሙስ አነሳችው፤ ክዳኑ አልተከፈተም። ፊቷ አመድ መሰለ። «ስሚኝ። ከባድ ውሃ ማለት ሲያዩት ውሃ ነው፣ ሲቀምሱትም ውሃ ነው፤ ግን ሃይድሮጅኑ ከተራው ይከብዳል። ማግኔቷ ስትለካ እንዳትዋልል እሱን ነው የምትይዘው። እንደ ደረጃ መደገፊያ በይው። ስለዚህ ናሙና ከመለካታችን በፊት ሁሌም እንጨምርበታለን። ሳልጨምር ከገባ ማሽኗ የምትይዘው አታገኝም፤ እምቢ ትላለች። አሁን ግን ያዘች! ከባድ ውሃው መጀመሪያውኑ ውስጡ ነበር።»

«መድኃኒት ቤት ጨምረውት ይሆናላ?» አለ ጥድፌ።

«መድኃኒት ቤት ከባድ ውሃ ምን ያደርግለታል? እንዲህ ያለ ነገር የሚያገኙት እንደ እኛ ያሉ ብቻ ናቸው።»

ስክሪኑ ላይ ቀጫጭን መስመሮች እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ብቅ ብቅ አሉ። ዶክተሯ አፏን በእጇ ያዘች።

«መድኃኒቱ አለ። ግን አብዛኛው መድኃኒቱ አይደለም። መንትያው ነው።»

«እንደ ደንቆሮ ቁጠሪኝና አስረጂኝ።»

«የሳጅኑን ሸሚዝ እዪው።» ጥድፌ በችኮላ ለብሶት ቁልፎቹ በሙሉ በአንድ ቀዳዳ ተዛንፈዋል። «ጨርቁ ያው ነው፣ ቁልፉ ያው ነው፣ ሚዛን ላይ ብትሰቅይው ያው ነው የሚመዝነው። አቆላለፉ ግን ሌላ ነው። ይሄም እንደዚያው፤ ክብደቱ ከመድኃኒቱ ጋር አንድ ነው፣ አንድ ቅርንጫፍ ግን ቦታው ተቀይሯል። ያኛው ልብ ይደግፋል፣ ይሄኛው ያቆማል። ክብደቱን ብቻ የለካ ሰው አይለያቸውም።»

ጥድፌ ሸሚዙን እያስተካከለ «ከክብደት በላይ መለካት የሚያውቅ፣ ግን ያልፈለገ ሰው ካልሆነ» አለ። ዕድሜ ልኩን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቸኩል የተናገረው ነገር ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ኢንስፔክተሯ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ምክትሉ ለልጅቷ ያመጣው ብርድ ልብስ ትዝ አላት።

*

ከሰዓት በኋላ ልጅቷን ከእስር ቤት አመጣቻት። ምክትሉንም ጠራችው። ከዶክተሯ ጋር አራቱ ማግኔቱ አጠገብ ቆሙ፤ ጥድፌ በሩ ላይ ነው። የሁሉም ብረት ውጪ ትሪው ላይ ቀርቷል።

«የምሥራች ነው» አለች ኢንስፔክተሯ። «ጠርሙሱ ውስጥ ከባድ ውሃ ተገኘ። ይህ ነገር ደግሞ ልጅቷ ቤት የለም።»

ምክትሉ ትንሽ አሰበ። ከዚያ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «አዝናለሁ፣ አታስደስቷት። ከባድ ውሃውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ስመረምር።»

«ለምን?»

«ለምርመራው ነዋ። የተለመደ ነው።»

ኢንስፔክተሯ ወደ ዶክተሯ ዞረች። «ክብደት ለመለካት ከባድ ውሃ ያስፈልጋል?»

«በጭራሽ» አለች ዶክተሯ። ዓይኗን ከምክትሉ ላይ አልነቀለችም። «ለማግኔት ብቻ ነው።»

«ማግኔቱ ተበላሽቷል ብለውኝ አልነበር?»

ምክትሉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ። «ምናልባት... ሞክሬ ነበር...»

«ማግኔት ላይ ከሞከሩት መርዝ መሆኑን አይተዋል ማለት ነው፤ ደብቀውኛል። ካልሞከሩት ደግሞ ያልጨመሩትን ከባድ ውሃ ጨመርኩ እያሉኝ ነው። የትኛውን ልያዝልዎት?» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ይህም ይቅር። ዛሬ የለካነው እርስዎ የነካኩትን አይደለም። የእኔን ግማሽ ነው፤ ታሽጎ ቁም ሳጥኔ ውስጥ የነበረውን። የእርስዎ እጅ ደርሶበት አያውቅም።»

ምክትሉ ግድግዳውን ተደገፈ። ልጅቷ አንዴ እሱን፣ አንዴ ኢንስፔክተሯን ታያለች፤ ገና አልገባትም። ወይም ገብቷት አልቀበልም ብላለች።

«ወንድምጋሼ፣ ምን እያለች ነው? ንገራት እንጂ!»

«ከባድ ውሃውን ረሳሁት» አለ ምክትሉ፣ ለራሱ የሚያወራ ይመስል። «ለኛ እኮ ውሃ ነው። ሲጨመርበት እንኳ አይታየንም።»

«ምኑ ነው የማይታይህ?» አለች ልጅቷ።

ከዚያ ወዲያ የሚያቆመው አልነበረም። ያንኑ የልብ መድኃኒት በቀላሉ የሚሠራበት መንገድ አገኘሁ ብሎ ስሙ ገኖ ነበር። ጋሼ አብረውት ፈርመውለታል። ፋብሪካው ለበሽተኞች ሊያቀርበው ዝግጅቱን ጨርሷል። ጋሼ ግን እሱ የሠራውን ዱቄት ደግመው ለክተው አንድ ቀን ቢሮው ገቡ፤ የሠራኸው መድኃኒቱን አይደለም፣ መንትያውን ነው አሉት። ሰው ሳይሞት ስብሰባው ላይ እንናገራለን አሉት። አላመናቸውም። ራሱ በማግኔቱ ለካው። ትክክል ነበሩ።

«ቱቦውን አውጥቼ በእጄ ይዤው ቆምኩ» አለ። «ከቱቦ የወጣ አይደፋም እያሉ ነው ያሳደጉኝ። አልደፋሁትም። ቢሯቸው ባዶ ነበር፣ መሳቢያው አይቆለፍም፤ የመድኃኒቱ ጠርሙስ ውስጥ ገለበጥኩት። ክብደቱ አንድ ነው፣ ማንም አያውቅም አልኩ።»

ዶክተሯ «ወይኔ! ወይኔ!» ብላ ፊቷን ሸፈነች። ኢንስፔክተሯ አንቱታውን ተወችው። «እሷንስ? አባቷን ገድለህ፣ በእሷ እጅ አጠጥተህ፣ ብርድ ልብስ ታመላልስላታለህ?»

«ይፈቷታል ብዬ ነበር። ስህተት ነው ይሉና ይፈቷታል ብዬ።»

ልጅቷ ግን ስለ ራሷ አልጠየቀችም። ቀስ ብላ ተጠጋችው። ጥድፌ ሊከላከል ሲንደረደር ኢንስፔክተሯ በእጇ አገደችው።

«ስብሰባው ላይ ምን ሊል እንደነበር ታውቃለህ?» አለችው ልጅቷ።

«ሊያጋልጡኝ ነዋ።»

«ማታ ነግሮኝ ነበር። ያኔ አልገባኝም፤ አሁን ገባኝ።» ድምጿ አልተንቀጠቀጠም፤ ይህ ነው የሚያስደነግጠው። «‹ስህተቱ የእኔ ነው ብዬ እናገራለሁ› ነበር ያለኝ። ያንተ ነው አላለም። የእኔ ነው ሊል ነበር። ስምህን ሊያነሳ አልነበረም።»

ምክትሉ ቀና ብሎ አያት። «አይደለም» አለ።

«ሽማግሌ ነኝ፣ ምን ያደርጉኛል ብሎ ይሆናል። አባዬ እንዲህ ነው።»

«አይደለም! እንናገራለን ነው ያሉኝ! እንናገራለን!» እያለ በግድግዳው ተንሸራትቶ ወለሉ ላይ ዘፍ አለ። ጋሼ የሞቱ ቀን የተንሰቀሰቀው ሌላ ነበር፤ አሁን ከሆዱ የሚወጣው ድምፅ ሌላ ነው፤ ዶክተሯ ሰምታ መቆም አቅቷት ወጣች።

ጥድፌ በልማዱ እጁን ወደ ወገቡ ሰደደ። ካቴናው የለም፤ ውጪ ትሪው ላይ ነው። ምክትሉን ደግፎ አነሳው፣ እጁንም እንደ በሽተኛ ይዞ ወደ በሩ ወሰደው።

ልጅቷ ማሽኑ አጠገብ ቀረች። ኢንስፔክተሯ ተጠጋቻት። «ጠብታውን በትክክል ነው የቆጠርሽው» አለቻት።

ልጅቷ የቀኝ እጇን ጣቶች እየተመለከተች ራሷን ነቀነቀች። «አውቃለሁ» አለች። «አንዲትም አልሳትኩም።»